ለፍሬኔ የተጸለየው ጸሎት

ስዋሽ ድምፄ እንደማይንቀጠቀጥ ያወቅሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ነሐሴ ነበር፣ ገና ወገግ ሲል፣ የግቢዬን በር ገርበብ አድርጌ ቆሜ። ከዚያ በፊት ራሴን እውነተኛ ሰው ነኝ ብዬ እቆጥር ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ፤ ብሎን ሳያጠብቅ «አጥብቄያለሁ» ያለኝን ተማሪ ከክፍል አስወጥቼ የማውቅ ቁጡ መምህርት ነኝ። ይሄን የምጽፈው ማንም ጠይቆኝ አይደለም፤ ማንም አለመጠየቁ ስለከበደኝ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች፣ አሮጌ ላንድሮቨር። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ በአንድ ጤና ጣቢያ ሹፌርነት ተቀጠረና ዕድሜውን ሙሉ እሷን ሲነዳ ኖረ። አርጅታ ለሐራጅ ስትወጣም ራሱ ገዛት። የግሉ ከሆነች በኋላ እንዳሻው አደረጋት። ሞተሯ ሲሞት የሌላ ፒክአፕ የናፍጣ ሞተር ገጠመላት፤ ሞተሩ አልገባ ሲለው ኮፋኖዋን ቆርጦ ጉብታ አወጣላት። ለክረምቱ ጭቃ ብሎ ባሌስትራዋን ከፍ አደረገው። ከኋላ የነበሩትን አግዳሚ ወንበሮች ነቅሎ፣ ቃሬዛ የሚንሸራተትባቸው ሁለት የብረት ሐዲዶች አስበየደ። የሰፈራችን ሰው ሲታመም በእነዚያ ሐዲዶች ላይ ተንሸራትቶ ይገባና ሆስፒታል ይሄዳል፤ ያልቀናው ደግሞ በእነሱ ላይ ተኝቶ ይመለሳል። በልጅነቴ መኪና የሚባለው ነገር ለታመመ ሰው ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ሰፈር፣ በከኒሳ ቀሴ፣ መኪና ፊት ለፊት አይለመንም። የቸገረው ሰው በር ላይ መጥቶ መጀመሪያ ሰላምታውን ያደርሳል፤ እንዴት አደራችሁ ይላል፣ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ከዚያ እንደ ዋዛ «ኮንኮላታን ፈያዳ?» ይላል፤ መኪናዋ ደኅና ናት ወይ ማለት ነው። የታመመ ሰው አለብኝ፣ ውሰዱልኝ አይልም። ባለመኪናው ማድረስ የማይችልበት ምክንያት ካለው «አይ፣ ዛሬ ታማለች» ይላል፤ ጠያቂውም «እግዜር ይማራት» ብሎ ይመለሳል። ማንም ማንንም እምቢ አላለም፣ ማንም አላፈረም። የመኪናዋን ሕመም የሚጠራጠር የለም፤ መጠራጠር ነውር ነው። አባቴ ግን በዚህ ቀዳዳ ሲሾልክ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ሰላምታው ሳያልቅ ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። እናቴ «እስኪጠይቁህ እንኳ ብትጠብቅ ምን አለበት» እያለች ትቆጣው ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ መኪናዋ በቆርቆሮ ዳሱ ሥር ዓመታት ቆመች። ጎማዋ ተኝቶ፣ ዶሮዎች መሪው ሥር እንቁላል ይጥሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ እንቁላል ፍለጋ ገብቼ የወለሉ ላሜራ በእግሬ ሥር ሲፈረፈር ተሰማኝና ደሜ ፈላ። የሰው መኪና ሳስጠግን እየዋልኩ የአባቴን መኪና ዝገት ይብላት? በማግስቱ ቱታዬን ለብሼ ክሪክ አስገባሁባት።

ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሌላ ኑሮ እንደሌለው ሰው። በእርግጥም ብዙ ሌላ ኑሮ አልነበረኝም፤ አላገባሁም፣ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው። የሻንሲውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ፣ አዲስ ብረት በየድኩ። አባቴ ዓመት በዓመት የደራረበውን ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት እስክጨርሰው የጣቶቼ ቆዳ ሳሳ። ፍሬኗን ከፔዳሉ እስከ ጎማው ሙሉ በሙሉ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጎሚኒውን ሁሉ ቀይሬ ገጠምኩ። ይሄ መታወቅ አለበት፤ ፍሬኗ ከማንኛውም አዲስ መኪና የማያንስ ነበር። ሞተሩን አልነካሁትም፣ ጉብታውንም ተውኩት። ሐዲዶቹን ግን በግራይንደር ቆረጥኳቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ ሐዲድ አልነበራትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በቦታቸው አግዳሚ ወንበሮቹን መለስኩና ክሬም ቀለም ያለው ቆዳ አለበስኳቸው። ከዚያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ረጨኋት። ቀለሙን የረጨሁት ራሴ ነኝ፤ አንድ ዘለላ እንኳ አልወረደም።

የምናገረው ኩራቴን እንድታዩት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ሴት ልጅ እዚህ ዘይት ውስጥ ምን ትሠራለች» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ፎቶዋን አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለጥፍ፣ የማላውቃቸው ሰዎች «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የኔ» ብዬ ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ በሌላ ነገር አግኝቼው አላውቅም። ከእነሱ ጥቂቱ ቅዳሜ በነቀምቴ ሊያልፉ ነበር፤ መንገድ ላይ ተቀላቅያቸው እስከ ጊምቢ አብሬያቸው እንድነዳ ጠሩኝ። መኪናዋ ተጠናቅቃ፣ ታጥባ፣ ሸራ ለብሳ ቅዳሜን ትጠብቅ ነበር። ጎረቤቴ በሬን ያንኳኳው ማክሰኞ ነው።

ከአጥሬ ወዲያ ባለችው ሰርቪስ ቤት ከጊዳ አያና የመጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ ባል፣ ሚስትና የባል እናት። እዚያ ግርግሩ የጸና ጊዜ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው። ባልየው በአገሩ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ እዚህ ገበያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አሮጊቷን ሁላችንም አኮ እንላታለን፣ አያት እንደማለት። ሚስትየው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

«አከም ቡልተን በርሲፍቱ» አለኝ። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፣ በርሲፍቱ ደግሞ መምህርት፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። ደኅና ነን አልኩት። ቤተሰቡን ጠየቅሁት፣ ደኅና ናቸው አለኝ። ዝናቡን አነሣ። እያንዳንዱን ቃል ሲያወጣ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«ኮንኮላታን ፈያዳ?»

በዚያው ቅጽበት በአጥሩ በኩል ሚስቱ ስታቃስት ሰማሁ። ያልሰማሁ እንዳይመስላችሁ። ቀኗ እንደደረሰም አውቃለሁ፣ ለምን እንደመጣም አውቃለሁ። እናም ወንበሩን አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ክሬሙን ቆዳ፣ የምጥ ውሃና ደም፣ የአራት ሰው የጭቃ እግር፣ ቅዳሜ። ይሄ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ሲያልፍ ዐይኔን ከዐይኑ አላነሣሁም።

«አይ ወንድሜ» አልኩት፣ «ፍሬኗ አይዝም። ፈታትቼዋለሁ።»

«ኣ» አለ። «ፍሬን ከሌላትማ አይሆንም። ቁልቁለቱ አደገኛ ነው።»

«አምቡላንስ አልደወላችሁም?»

«ደውለናል። ወደ ኡኬ ወጥታለች አሉን። ባጃጁም በዚህ ጭቃ ሽቅብ አልወጣም አለ።» ከዚያ ፊቴን አይቶ፣ ምን እንዳየበት እንጃ፣ ያጽናናኝ ጀመር። «ግድ የለም በርሲፍቱ፣ እርስዎ አይጨነቁ። ሰው አለ፣ እንሸከማታለን።»

እሱ ከሄደ በኋላ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «ሞክሬው ያዘልኝ» ብዬ ልሮጥ እችል ነበር፤ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አራት ወንዶች በሽቦ አልጋ ተሸክመዋት፣ አኮ ከኋላ ጃንጥላ ይዛ፣ በግቢዬ በር ፊት ሲያልፉ በስንጥቁ አየኋቸው። አንዱ አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ፣ አልጋውን ግን አልለቀቀም። እኔ ዝናቡ እንዳይገባባት ብዬ የመኪናዋን ሸራ ዳር አስተካከልኩ።

ወሬው ከረፋዱ በፊት ደረሰኝ። ሆስፒታል አልደረሱም፤ ቁልቁለቱ ሥር ያለው ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ወለደች። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች በጆንያ ጋረዷት፣ በሰፈሩ የምትኖር አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ በነጠላ ጫማ ሮጣ ደረሰች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ከዚያ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቧት፣ ሁለት ቀን አስተኟት፣ እሷም ሴት ልጇም ደኅና ሆነው ወጡ። ክፉ ነገር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ስላልደረሰ ግን የሚከሰኝ ጠፋ። ሰፈሩ «የወፍጮ ቤቷ ልጅ» እያለ ይስቅ ጀመር፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ውሸት ግን እንደ መኪና ነው፣ ከገዙት በኋላ ነው ወጪው። ፍሬን የሌላት መኪና ከግቢ መውጣት አትችልም። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ ቱታዬን እየለበስኩ ከመኪናዋ ሥር መተኛት ጀመርኩ። ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረም። ጎማ አወጣለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ደኅና ብሎን እፈታለሁ፣ መልሼ አጠብቃለሁ። ተማሪ እንዲህ ሲያስመስል ባየው ከክፍል አባርረው ነበር። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ጎረቤቶች «በርቺ፣ አይዞሽ፣ ይስተካከላል» ይሉኛል። አንዷ ጎረቤቴ ትኩስ በቆሎ ጠብሳ ይዛልኝ መጣች፣ ደክሞሻል ብላ። ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ በላሁት።

ሐሙስ ዕለት እናትና ልጅ ከሆስፒታል ስለወጡ በቤታቸው የምስጋና ጸሎት ተደረገ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጎረቤት ግን ጎረቤት ነው፣ ጠሩኝ። ለሕፃኗ የሚሆን ብርድ ልብስ ገዝቼ ሄድኩ፤ ከሌሎቹ ስጦታዎች ሁሉ የሚበልጥ፣ የሚያሳፍር ትልቅ ብርድ ልብስ። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ተቀመጥን። እናትየው መጋረጃ ተጋርዶላት አልጋ ላይ ነበረች።

የጸለየችው አኮ ናት፣ በኦሮምኛ፣ ዐይኗን ጨፍና። ዋቀዮን፣ አምላኳን፣ ስለ ሕፃኗ አመሰገነችው። ስለ ተሸካሚዎቹ ትከሻ አመሰገነችው፣ የወደቀውን ሰው ጉልበት እንዲያድንለት ለመነችው። ስለ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ፣ ስለ አዋላጇ ነጠላ ጫማ። አንድም ነገር አልረሳችም። አንገቴን ደፍቼ ልታበቃ ነው ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«አባት ሆይ፣ የዚችን የልጄን መኪናም አስባት። ፍሬን ቢኖራት ኖሮ ትተወን አልነበረም። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመሬት ተኝታ ትሠራለች፤ ልቧ እንዳዘነ አንተ ታያለህ። ያን ፍሬን አንተ ፈውሰው።»

ሁሉም «አሜን» አሉ። ከመጋረጃው በስተኋላም የአንዲት ሴት ደካማ አሜን ተሰማ። እኔም አልኩ። አኮ አንገቴን የደፋሁት በሐዘን መስሏት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን መሬቱ ሲሚንቶ ነበር፣ ሻይም መጣ፣ ጠጣሁ።

ቅዳሜ እነዚያ ባለአሮጌ መኪናዎች በዋናው መንገድ አለፉ። ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ የጥሩምባቸውን ድምፅ ሰማሁ። «ፍሬኔ ተበላሽቶ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ለእነሱ እንኳ ሌላ ምክንያት መፍጠር ሰነፍኩ። ቅዳሜን ላተርፍ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ቅዳሜንም በላብኝ።

የሚቀጥለው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያ ጎረቤቴ መጣ። አምስት ቀን ሙሉ አላየሁትም ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ከረጢቱን ሲፈታው የላንድሮቨር ማስተር ፍሬን ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ። ዝጓል፣ ግን በናፍጣ ታጥቧል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከጊዳ አያና።»

ከወጣ ወዲህ ወደዚያ ተመልሶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቱ ሂድ ስትለው እንኳ እሺ አይልም ነበር። አሁን መሬቱን ሊያይ እንደሄደ ነገረኝ። ስለ ቤቱ ስጠይቀው «ቤቱ የለም» አለና ወዲያው ወደ ዕቃው ተመለሰ። እሱ ትራክተር የሚያቆምበት በነበረው ግቢ ውስጥ፣ ወንበርም ጎማም የሌላት፣ ሣር የበቀለባት እንደኔዋ ያለች መኪና ትዝ አለችው። ዘበኛውን ለምኖ፣ ቁልፍ ተውሶ ፈታው። «መቼም ዕቃው ጠፍቶብዎት ነው እንጂ፣ እርስዎ እስካሁን ሳይሠሩት አይቀሩም ነበር ብዬ ነው» አለኝ።

አመሰገንኩት። ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩት አላስታውስም። ነገ ተረጋግቼ እገጥመዋለሁ አልኩት።

«አይ፣ ዛሬ እናግዛለን» አለ። «አኮ መኪናዋ ስትቆም በዐይንህ አይተህ ና ብላኛለች። ጸልያለች እኮ።»

ሌላ ምን እላለሁ? ኮፋኖውን ከፈትኩ። እጄ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ቧንቧውን ፈታሁ፤ የወጣው ዘይት ንጹሕ ነበር፣ የማር ቀለም ያለው፣ ጥቀርሻ የሌለበት። ቶሎ ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት። ማስተሩን ነቅዬ ጨርቁ ላይ ላስቀምጥ ስል እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት።

ትራክተር የነዳ ሰው ነው። በአንድ ጣቱ የዘይቱን መውጫ ቀዳዳ ደፈነና በሌላው እጁ ዘንጉን ገፋው። አልገባም፤ ደኅና ፍሬን እንደሚይዝ ያዘ። ጣቱን ሲያነሣ ገባና ተመልሶ ወጣ። እንደገና ደፍኖ ገፋው። ያዘ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። ዕቃውን እያገላበጠ አዲሱን ጎሚኒ አየ፣ ያላረጁትን ብሎኖች አየ። ቀና ብሎ ሲያይ ግን እኔን አላየም፤ ያየው በመስኮቱ በኩል ወንበሩን ነው።

ዘይቱን በእጅጌው ጠርጎ ማስተሩን መለሰልኝ። 

«ይሄ ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «የኔው ዝገት በልቶታል። ይሄኑ ይመልሱት።»

«ጎሚኒውን ሰሞኑን ነው የቀየርኩት፣ በፊት ግን...» ብዬ ጀመርኩ። አፌ ሌላ ውሸት ሊፈጥር ተዘጋጅቶ ነበር።

«የፍሬን ዘይት አለዎት?» አለኝ። አቋረጠኝ። ያዋረደኝ ያ ነው፤ እንድጨርስ ቢተወኝ ይሻል ነበር።

መለስኩት። ማስተር ከተነቀለ በኋላ ከቧንቧው ውስጥ አየር መውጣት አለበት፤ ይሄ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ብሎኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሱ ሊረግጥ ሄደ። በሩን ከፍቶ ቆመና ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ ገልብጦ፣ ንጹሑን ጎን ወደ ታች አድርጎ ክሬሙ ወንበር ላይ አነጠፈውና በላዩ ተቀመጠ። እኔ ምንም አላልኩትም ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ሠራን፤ እኔ ከሥር «ርገጥ» እላለሁ፣ እሱ ከላይ «ረገጥኩ» ይላል፣ «ያዝ» እላለሁ፣ «ያዝኩ» ይላል። አራቱንም ጎማ። ከሥር ሆኜ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርድ ነበር፤ ድምፄ ግን፣ እንዳልኩት፣ አይንቀጠቀጥም።

ሲጨርስ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን አደረገ፣ ያመጣውን ዕቃ በከረጢቱ መልሶ ጠቀለለው። ግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ ነድቼ አቆምኩለት። ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ቆመች» አለ፣ ሄደ። ቢሰድበኝ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ መልስ አላጣም፣ ስድብ ሥራዬ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ እንደገና ጸሎት ነበርና ጠሩኝ። ባልሄድ ይታወቅብኛል ብዬ ሄድኩ። ከዝማሬው በኋላ የምስክርነት ጊዜ ሆነ፤ እግዚአብሔር ያደረገለትን የሚናገር ይነሣል። አኮ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣች። ፊቷ ያበራ ነበር። ለፍሬን ጸልየን አልነበረም ወይ አለች። ልጇ ዕቃ ፍለጋ ጊዳ አያና ድረስ ደከመ፣ ይዞት የመጣው ግን ሳያስፈልግ ቀረ፤ አሮጌውን ቢፈትሸው ተፈውሶ አገኘው። «ልጄ በገዛ እጁ ነክቶ አይቶታል» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ልጇ ጥግ ላይ ተቀምጦ የገዛ እግሩን ያያል። ለእናቱ የነገራት ያንን ነው። እኔ እንዳላፍር ብሎ እናቱን ዋሸ፣ በእግዚአብሔር ስም፤ ሲዋሽ ያላየሁት ሰው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሽና አንቺም መስክሪ» አለችኝ አኮ።

ተነሣሁ። ሃያ የሚሆን ሰው ፈገግ ብሎ ያየኛል። ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ፍሬኑ አልታመመም፣ የታመመው ሌላ ነው ልል። እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ጥጉ ሳይ እሱ ቀና ብሎ ራሱን በትንሹ ወዘወዘ፤ አይሆንም፣ ይተዉት እንደማለት። የእናቱን ደስታ እንዳልሰብርበት ለመነኝ።

«ፍሬኑ ይይዛል» አልኩና ተቀመጥኩ።

ለአሮጊቷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። ራሱን ሲወዘውዝልኝ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ያን እፎይታ ከውሸቱ የበለጠ አፍርበታለሁ፤ ውሸቱ በቅጽበት ያመለጠኝ ነው፣ ይሄኛውን ግን ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶኝ ወደድኩት።

ሰው ሲበተን ባልየው ሽማግሌዎቹን ሊሸኝ ወጣ፣ አኮም አብራ ወጣች። ሚስትየው ከመጋረጃው ጀርባ ጠራችኝ። ከወለደች ወዲህ ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅም ነበር። ቀጭን፣ ገና ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ልጅ ናት። መቀነቷን ላስተካክል ብላ ሕፃኗን አስያዘችኝ። በኔው ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች።

«አዴ በርሲፍቱ» አለችኝ በአክብሮት፣ ቀስ ብላ፣ በሩን እያየች። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሰምቶ እንዳይከፋው።»

«ንገሪኝ።»

«ምጡ የጀመረኝ ማክሰኞ አልነበረም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ገና አልመጣም ነበር፣ መንገዱም ደረቅ ነበር። ባጃጅ ጥራልኝና እንሂድ ልለው ነበር።» መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «ከዚያ እርስዎ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሲሞክሩ ሰማሁ። ወደ ፊት ትሄድና ቀጥ ትላለች። ወደ ኋላ ትሄድና ቀጥ ትላለች። ብዙ ጊዜ። እንግዲያ መኪና አለ፣ ቢብስብኝ እሳቸው አሉ፣ ለምን አሁን አስቸግረዋለሁ አልኩና ተኛሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንደ ማንኛውም ተራ ወሬ ነው የነገረችኝ። ፍሬኑ እንደሚይዝ ሰኞውኑ በጆሮዋ ሰምታ ነበር ማለት ነው። ባሏ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ሲገባ ወሬዋን ቀየረችና ልጇን ተቀበለችኝ።